የጫጩቶቹ አምፖል

ቅዳሜ ማታ፣ ጅማ

ዛሬ ከእትዬ ባለ 100 ዋት አምፖል ተውሼ መጣሁ። እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጫጩት ያሳድጋሉ። ያንን የድሮውን፣ ክር ያለውን፣ ሲነኩት የሚፋጀውን አምፖል ዛሬ ማግኘት መከራ ነው። የእኛው የጅማው መርካቶ ወርጄ ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። ሁሉም ያወጡልኝ ኤልኢዲ ነው። አንዱ ልጅማ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮረንቲ ይቆጥባል» ብሎ አዘነልኝ። እኔ የምፈልገው የሚያባክነውን!

እትዬ «ምን ሊያደርግልህ ነው?» አሉኝ። «የሠራሁትን አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ማጉያ ልሞክርበት ነው» ስላቸው ግራ ገባቸው። ግን ፈትተው ሰጡኝ። «እስከ ማታ ብቻ ነው፣ እንዳይበርዳቸው» አሉ።

አምና ክረምት ይሄንኑ አምፕሊፋየር ጨርሼው ነበር። ቸኮልኩና በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። የባያስ ማስተካከያዋ በየትኛው ጫፍ ላይ እንዳለች እንኳ አላየሁም። ጠሽ! ስፒከሩን የሚነዱት ሁለቱም የመጨረሻው ደረጃ ትራንዚስተሮች ሄዱ። ፊውዝ ነበረው እኮ። ፊውዙ የተቃጠለው ትራንዚስተሮቹ ከሞቱ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ተቃጠለ?» አለች። «ምንም» አልኩ። ሽታው ሁለት ቀን ሙሉ አጋለጠኝ።

ባያስ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራ ይካፈላሉ። አንዱ የድምፁን ሞገድ የላይኛውን ግማሽ ይይዛል፣ ሌላው የታችኛውን። ግን የሲሊከን ትራንዚስተር 0.6 ቮልት አካባቢ ካላገኘ አይነቃም። አንዱ ሲተኛ ሌላው ገና ካልተነሣ መሀል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ድምፁ ሲጮህ ብዙም አይታወቅም። ቀስ ብሎ የሚመታ ክራር ስትከፍት ግን ይሻክራል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ እንዳይተኙ ትንሽ ኮረንቲ ሁልጊዜ እንዲያልፍባቸው ይደረጋል። እሷ ናት ባያስ።

ስትበዛ ነው ጣጣው። ትራንዚስተር ሲሞቅ ለመንቃት የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል፣ በአንድ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ። ያው የሰጠኸው ቮልቴጅ አሁን የበለጠ ይከፍተዋል። የበለጠ ኮረንቲ፣ የበለጠ ሙቀት፣ እንደገና የበለጠ ኮረንቲ። የሚያቆመው ካላገኘ መጨረሻው ጠሽ ነው። ለዚህ ነው ሙቀቱን የምታዳምጥ ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር ከትልልቆቹ ጋር አንድ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ የምትታሰረው። እነሱ ሲሞቁ እሷም ትሞቅና ቮልቴጁን ትቀንሳለች። አምና ግን ቦርዱ ላይ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ነበር የተውኳት። ያን ቀን ባይቃጠል እንኳ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ዘንድሮ አሰርኳት። ማስተካከያዋንም ብዙ ዙር በምትዞረው ዓይነት ቀየርኩ። ቦታዋንም አዛወርኩ፦ ውስጧ ያለው መነካኪያ ድንገት ቢለቅ ባያሱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ፣ ወደ ታች እንዲወርድ። ይቺን ነገር ከዲያግራሙ ላይ ለማየት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ልጅ እያለሁ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ አይ ነበር። ክፍት ሬዲዮ ሲነኩ ግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ጉራ ይመስለኝ ነበር። ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዛሬ እኔም ከተትኩ።

አምፖሉን ከኮረንቲው መስመር ጋር በተከታታይ አሰርኩት፣ ኮረንቲው በሱ አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲገባ። ስፒከር አልሰካሁም። መግቢያውን ከግራውንድ ጋር አገናኘሁ። ማስተካከያዋን ትንሹ ባያስ ላይ አደረግኋት። የቴስተሩን ሽቦዎች በመቆንጠጫ ያያዝኳቸው ኮረንቲ ሳይኖር ነው። በእጅ ይዞ መለካት አንዴ ካንሸራተተህ አበቃ። ከዚያ ማብሪያውን ነካሁ።

አምፖሉ ቦግ አለ። ልቤም አብሮ። ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች እስኪሞሉ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ማወቅ ልብን አያረጋጋም። ከዚያ ክሩ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። የሆነ ቦታ ሾርት ቢኖር ኖሮ እንደበራ ይቀር ነበር፣ ኮረንቲውን ራሱ አፍኖ ይይዝልኝ ነበር። ኤልኢዲ ይሄን አያደርግም።

ትክክለኛው ልኬት ግን ያለ አምፖሉ ነው፣ አምፖሉ ቮልቴጁን ይበላል። አጠፋሁ፣ ፈታሁት፣ እንደገና ከፈትኩ። በእያንዳንዱ ትራንዚስተር እግር ላይ 0.22 ኦም ሬዚስተር፣ ኮረንቲ የምትገድብ ዕቃ አለች። የምፈልገው 50 ሚሊአምፔር ነው። 0.22 በ50 ሲባዛ 11 ነው፣ ስለዚህ ሬዚስተሯ ላይ 11 ሚሊቮልት ማንበብ አለብኝ። አቦሉ ሲቀዳ 8 ላይ አደረግኋት። ባለቤቴ «ጠጣ እንጂ፣ ይበርዳል» ትላለች፣ እኔ ካቻቪቴ ይዤ በርጩማዬ ላይ ጎብጫለሁ። ቶናው ሲደርስ ሳልነካት 13 ገብታለች። ማቀዝቀዣው ለብ ብሏል። ሩብ ዙር መለስኳት። በረካ ላይ 11 ሆነች። እዚያው ቆየች።

ቆየች ስል፣ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ ቁጥሩ ይወዛወዝ ጀመር። ተበላሸ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። የግድግዳውን ኮረንቲ ስለካው 194 ቮልት። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዷል! ባለቤቴ እንጀራው እስኪወጣ ጠብቅ አለችኝ። ጠበቅሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ኮረንቲው 220 አካባቢ ሲመለስ እሷም ወደ 11 ተመለሰች።

ስፒከር የሚሰካበት መውጫ ላይ ያለውን ዲሲም (ቀጥተኛ ኮረንቲ) ለካሁ፣ 15 ሚሊቮልት። ይሄ ስፒከር አይጎዳም። ቮልት የሚባል ነገር ባነብ ኖሮ አልሰካም ነበር። ለማንኛውም መጀመሪያ የሰካሁት ቢቃጠልም የማላዝንለትን አሮጌ ስፒከር ነው። የክራር ካሴት ከፈትኩ፣ በጣም ዝቅ አድርጌ። አሸዋው የለም። ባለቤቴ «እና ለዚህ ነው አንድ ዓመት?» አለች። ግን ካሴቱ እስኪያልቅ አልተነሣችም።

ሲያበቃ አጠፋሁት። ሁለቱ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ግን ከጠፋም በኋላ ኮረንቲ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በ100 ኦም ሬዚስተር አንድ በአንድ አራገፍኳቸው። በካቻቪቴ አይደለም፣ እሱንም አምና ሞክሬዋለሁ፣ ጫፉ ዛሬም ጎዶሎ ነው።

ክዳኑን ስገጥም በሩ ተንኳኳ። የእትዬ ትንሿ ልጅ ናት። «እማዬ አምፖሉን ስጠኝ በይው ብላለች፣ ጫጩቶቹ ተኮራምተዋል።»