ላም እንጂ ወንዝ አላልብም

ወተት የሚያመጡልን እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ በራችንን እያዩ አለፉ። ጎረቤት ጋ ቆመው በጣሳ ይሰፍራሉ፣ የእኛ በር ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ወደ ማዶ አዙረው ይሄዳሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለዚህ ያበቃኝ ደግሞ እርጎ ነው፤ ያውም የበረደ እርጎ፣ ያውም «ካሎሪው ዝቅ ያለ»። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስምንት ሊትር ወተት፣ አንድ ነጠላና የአንድ ትልቅ ሰው ምርቃት አላጣም ነበር።

የተጀመረው ሚዛን ላይ ነው። 91 ኪሎ። የመረመረኝ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስኳር የሚባል አትንካ፣ ስብ የሚባል አትንካ» አለና አንድ ወረቀት አቀበለኝ። ወረቀቱ ላይ ለመክሰስ የተፈቀደልኝ «ከስብ ነጻ የግሪክ እርጎ ከብሉቤሪ ጋር» ነበር። ጎንደር ውስጥ ብሉቤሪ ከየት ላምጣ? ቅዳሜ ገበያ ገብቼ ከቃሪያና ከድንች መሀል ልልቀም? ሰውየው ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ ራሱ አላነበበውም፤ በዚህ እወራረዳለሁ። ከየትም ተገልብጦ የመጣ ነገር ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያበሽቀኛል።

እኔ ደግሞ አይስክሬም ላይ እጄ አጭር አይደለም። ከሥራ ወጥቼ በፒያሳ ሳልፍ እግሬ ራሱ ነው የሚያቆመኝ። ስለዚህ ገና ተፈስኮ ወተት ወደ ቤት መግባት ሲጀምር፣ እርጎውን እቤት ሠርቼ፣ ስቡን ገፍፌ፣ ስኳሩን አስቀርቼ አበርደዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

እርጎ መሥራቱ አያስቸግርም። ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ የተንሳፈፈውን ቅባት በማንኪያ ግፈፉ። አፍሉት። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ «85 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» የሚሉት የፈረንጅ መመሪያዎች ለእኛ ገና ሊፈላ ሲል ማለት ነው። ጣት ሲችለው አንድ ማንኪያ የሱቅ እርጎ ጣል አድርጉበት፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። አለቀ። እናቴ «ዕቃውን በወይራ ሳታጥን ምን እርጎ ነው?» ስላለችኝ አጥኜዋለሁ፤ ጭሱ እርሾውን ትንሽ ያዘገየዋል፣ መዓዛው ግን በረዶ ውስጥም አይጠፋም። አልሰማሽም ያልኳት ወተቱን አታፍላ ስትለኝ ብቻ ነው። ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

የገፈፍኩትን ቅባት ባለቤቴ ሰብስባ ቅቤ አወጣችበት። ቅቤው ዶሮ ወጥ ውስጥ ገባ። ወጡን እኔ በላሁት። ይህን ያስተዋልኩት ከወር በኋላ ሚዛኑ ንቅንቅ አልል ሲለኝ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። የመጀመሪያውን ሁለት ሊትር እርጎ ከፋርማሲ በገዛሁት የስኳር ምትክ እንክብል አጣፈጥኩት፤ ቀመስኩት፣ ደስ አለኝ። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ፕላስቲክ ገልብጬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁ። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ እንግዶች ነበሩን። ከፋሲል መዋኛ አቧራ ለብሰው፣ ፀሐይ አናታቸውን መቷቸው ሲመለሱ ደረቴን ነፍቼ «አይስክሬም አለን፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። ያን አፌን ዛሬ ባገኘው እሰፋው ነበር።

ማንኪያ አልገባ አለ። ሁለተኛው ማንኪያ አንገቱ ታጠፈ። ቢላዋ አመጣሁ፣ ቢላዋው ተንሸራቶ የግራ አውራ ጣቴን ሸረከተኝ። እንግዳው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ ጎድጓዳውን ገልብጬ ሙቅ ውኃ ሳፈስበት እንደ ጡብ ዱብ አለና ሳህኑን ሰነጠቀው። አጎቴ ነካ ነካ አደረጉትና «ይሄ ከግንቡ የተረፈ ነው?» አሉ። ትንሿ ልጄ ብቻ አዘነችልኝ፤ ጠጋ ብላ ላሰችው፣ ምላሷ ተጣበቀ፣ አለቀሰች።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በረዶ ማለት ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ እኔ አልጨመርኩም፤ ታዲያ ማን ጨመረ? በነጋታው ጠዋት ወተት የሚያመጡልንን እናት በር ላይ አስቆምኳቸው። የቀረችውን የበረዶ ጉማጅ በሳህን ይዤ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወተቱ ውኃ ሳይገባበት አልቀረም» አልኳቸው። ይቅርታ ያልኩት ስድቡን ለማለስለስ ነበር። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። በረዶውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«እኔ ላም እንጂ ወንዝ አላልብም፣ ልጄ።»

ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ። ባለቤቴ በመስኮት ሰምታ ኖሮ እስከ ማታ አላናገረችኝም።

ያኔ እንኳ ልብ አልገዛሁም። ሁለት ሊትር የታሸገ ወተት ከሱቅ ገዝቼ ያንኑ ደገምኩ። ያው ጡብ። ሚስጥሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው፤ ወተት እንዲያው በተፈጥሮው ከ100 ግራም 87 ያህሉ ውኃ ነው፤ ስቡ ሲገፈፍ ደግሞ የውኃው ድርሻ ወደ 90 ይጠጋል። ውኃውን የጨመሩት እሳቸው ሳይሆኑ ላሟ ናት።

ስኳር አይስክሬም ውስጥ ለማጣፈጥ ብቻ አይገባም። ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ውኃው በዜሮ ዲግሪ በረዶ እንዳይሆን ይይዘዋል፤ ስለዚህ ፍሪዘሩ 18 ከዜሮ በታች ቢሆንም ከውኃው ከፊሉ ሳይጋገር ይቀራል፣ ማንኪያ የሚገባውም በዚያ ምክንያት ነው። ስብም የራሱን ያለሰልሳል፣ በማሽን ሲመታ የሚገባው አየርም እንዲሁ። እኔ ሦስቱንም አውጥቼ ነው ውኃውን ብቻውን የተውኩት። እንክብሉ ደግሞ ኢምንት ነች፤ ምላስን ታታልላለች እንጂ በረዶን አታታልልም። «ስኳርን በማጣፈጫ ተኩ» ብሎ የሚመክር ሁሉ ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደሚዘላት አላውቅም።

ዕውቀቱ ከገባኝ በኋላም ቢሆን ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ይህኛው በማንም አይላከክም። አንደኛ፣ በረዶውን ሰባብሬ ብወቅጠው ይለሰልሳል ብዬ ሙቀጫ ውስጥ ከተትኩት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ደግሞም ለስልሶ ነበር። ሙቀጫው ግን ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ነው። ወይራ የታጠነ፣ በእንክብል የጣፈጠ፣ የነጭ ሽንኩርት አይስክሬም ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? ሁለተኛ፣ አልኮል በረዶ እንደማያስይዝ አንብቤ ሁለት ማንኪያ የዳጉሳ አረቄ ጨመርኩ። በእርግጥም ማንኪያ ገባለት። ነገር ግን ለልጄ ልሰጣት አልችልም፣ እኔም ስበላው ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ አልኮሉም በግራሙ ሰባት ካሎሪ አለው፣ ከስኳር ይብሳል። ስምንተኛው ሊትር በዚህ አለቀ።

የሚሠራው ይህ ነው፤ ከስኳሩ በፊት ውኃውን ቀንሱ። እርጎውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ አንጠልጥሉት፣ አጓቱ ይውረድ። እኔ የባለቤቴን ነጠላ ነው የወሰድኩት። ልጠይቃት ነበር፣ ተኝታ ነበር። የኩሽናው ቧንቧ ላይ አስሬ አሳደርኩት፤ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሌሊቱን ሰማሁት። ጠዋት ከሁለት ሊትሩ አንዱ ሊትር ቢጫ አረንጓዴ አጓት ሆኖ ባልዲ ውስጥ ተኝቷል፤ ጨርቁ ውስጥ የቀረው እንደ ገንፎ ማንኪያ ያቆማል። ያ ነው እንግዲህ «የግሪክ እርጎ» የተባለው! አያቶቻችን አይብ ሲያወጡ አጓት ሲያጠሉ ኖረዋል፤ እኔ ግን ስሙ ከወረቀት ካልመጣልኝ አላውቀውም። ነጠላው ሽታው በሦስት እጥበት አልለቀቀም። ሻሽ ግዙ፣ ርካሽ ነው፤ ማጥለያውንም ፍሪጅ ውስጥ በወንፊት ላይ አድርጉት፣ ቧንቧ ላይ አታንጠልጥሉ።

በዚህ ላይ አምስት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨመርኩ። አዎ፣ «አትንካ» የተባልኩትን። ማር ውስጥ ያሉት ስኳሮች ከተራው ስኳር ያነሱ ሞለኪውሎች ስለሆኑ በእኩል ክብደት በረዶውን ይበልጥ ያለሰልሳሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ይበቃል። ሁለት በደንብ የበሰለ ሙዝ ፈጭቼ፣ ጨው ቆንጥሬ፣ አንድ ላይ መታሁት። ከወተቱም ስቡን ሙልጭ አድርጌ መግፈፍ ትቻለሁ፤ ግማሹን አወጣለሁ፣ ግማሹን እተዋለሁ። ደምሬ ሳየው ሁሉም ነገር 1,250 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ አሥር ስኒ ይወጣዋል፤ በስኒ 125። ፒያሳ ላይ የምበላው ከዚህ እጥፍ በላይ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ያ የመጀመሪያው ጡብ በወረቀት ላይ በስኒ 60 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ያልተበላ ነገር ደግሞ ካሎሪው ዜሮ ነው፣ ስሌቱ ከሆነ የተፈለገው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ማሩን እኔን ሰምቶ አይጨምር። የእኔ ችግር ሆድ ነው እንጂ ስኳር አይደለም።

ጎድጓዳውን እርሱት። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ያለ ነገር ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ ቀስ ብሎ የበረደ ደግሞ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ በረዶ ያወጣል። ዳቦ የሚጋገርበት ዝርግ የብረት ትሪ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ አፍስሱት። «በየግማሽ ሰዓቱ አማስሉ» የሚለውን አልቀበልም፤ ፍሪዘር በከፈታችሁ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል። ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በሹካ ጠርዙን ወደ መሀል ሰብስባችሁ ምቱት፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቱ፤ ግማሹ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተነካ አንድ ቀን ያህል ይይዛል። ከቀለጠ ግን እንደገና ቢበርድም ወደ ነበረበት አይመለስም፣ እንዳለ በማንኪያ ጠጡት። ከመብላታችሁ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ቀኑንም ቁጠሩ፤ እኔ የመጀመሪያውን ደህና ትሪ ያወጣሁት ማክሰኞ ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ስኒ ቀመስኩና ረቡዕን ሙሉ የፍሪዘሩን በር እያየሁ ዋልኩ።

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠዋት በር ላይ ጠበቅኋቸው። ስኒውን በሁለት እጄ ይዤ። «እትዬ፣ ያ ውኃ የላሟ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት» አልኩ። ከዚህ የረዘመ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። ጀሪካኑን አስቀመጡና ስኒውን ተቀበሉ። መጀመሪያ አሸተቱት፤ «ወይራ አጥነሃል» አሉ። በማንኪያው ጫፍ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፣ እንደገና ቀመሱ።

«እና ይሄ ሁሉ ጣጣ፣» አሉ ስኒውን እየመለሱልኝ፣ «አይብ ለማብረድ ነው?»

ከዚያ ጣሳቸውን አወጡና ሁለት ሊትር ሰፈሩልኝ።