ስናፐሩ ማነው ብላችሁ ጠይቁ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ እግር ኳስ ሲጫወት አድጎ የሃይስኩሉ የአሜሪካን ፉትቦል ኮች "እስቲ ናና ይቺን ምታ" ላለው ልጅና ለቤተሰቦቹ ነው። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ አራት ዓመት ኪከር ነበርኩ። ፊልድ ጎል (ኳሱን በሁለት ቋሚዎች መሃል የማሳለፍ ምት) እና ኪክኦፍ (የመክፈቻ ምት) የሚመታው ሰው ማለት ነው። እዚህ የማወራው ከአራቱ ዓመት ስለ አንዱ ነው፤ አንድ አሸንፈን ዘጠኝ ስለተሸነፍንበት። ስለ ስናፐር፣ ለምቱ ኳሱን ወደ ኋላ ስለሚልከው ሰው፣ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ሽንፈቱ ባይቀርም ንዴቱ ግማሹ ይቀርልኝ ነበር።

ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባዬ ጁላይ በመጣ ቁጥር የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር የትም ከተማ ቢሆን ነድቶ የሚሄድ ሰው ነው። ኳስ ያስያዘኝም እሱ ነው። ሃይስኩል የፉትቦል ቡድኑ ኪከር ሲያጣ ጠሩኝ። መታሁ፣ ገባ፣ በቃ። ቪዲዮ ቆራርጬ ለኮሌጆች ላክሁ፤ አንድ ኮች ደወለ፤ ሄጄ ጎበኘሁ፤ ተቀበሉኝ። አባዬ "በእጅ እየያዙት ደግሞ ምኑ ኳስ ነው?" ብሎ ሳቀ። እማዬ ግን አልሳቀችም። "ከእነዚያ ሁሉ ግዙፎች መሃል ገብተህ ምን ልትሆን ነው ልጄ?" አለችኝ። "ኪከር መምታት ክልክል ነው እማዬ" አልኳት። ሕጉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልበለው። ከትንንሾቹ ኮሌጆች ብዙዎቹ ዲቪዥን 3፣ ማለትም የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛ ምድብ፣ ናቸው። ዲቪዥን 3 ደግሞ በስፖርት ስም አንድ ሳንቲም ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ኮቹ "ጥሩ ፓኬጅ እናገኝልሃለን" ሲል በቤተሰብ ገቢና በትምህርት ውጤት ስለሚሰጠው እርዳታ ነው የሚያወራው። ያንን ኳስ ባትመቱም ታገኙታላችሁ። የተጫዋች ቁጥርም ጣሪያ የለውም። ተማሪ ላጠረው የግል ኮሌጅ መቶ ተጫዋች መጣ ማለት መቶ ከፋይ መጣ ማለት ነው። እኛ ኦገስት ላይ ካምፕ ስንገባ ሎከር አልበቃ ብሎ ፍሬሽማኖቹ ለሁለት አንድ ሎከር ተካፈሉ። ኦክቶበር ላይ ሎከር ተረፈ።

ከሃይስኩል ወደ ኮሌጅ ሲመጣ ምቱ ራሱ እንደሚቀየርም የነገረኝ የለም። ሃይስኩል ላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ያለው ስፋት 7 ሜትር ከ11 ሳንቲም ነው። የእግር ኳስ ጎል 7 ሜትር ከ32 ስለሆነ ለእኛ ቢጤ ልጅ ብዙም አዲስ አይሆንበትም። ኮሌጅ ላይ 5 ሜትር ከ64 ይሆናል። ሃይስኩል ላይ ኳሱን ከመሬት ከፍ የምታደርግ ቲ የምትባል ትንሽ ማስቀመጫ ይፈቀዳል። ኮሌጅ ላይ ለፊልድ ጎል ከ1989 ወዲህ ክልክል ነው፤ ከመሬት ነው የሚመታው። ስለዚህ ሃይስኩል እያላችሁ ቲዋን ጣሏት። ኮቻችሁ ደስ ላይለው ይችላል። ደስ አይበለው።

በነገራችን ላይ ስደተኛ በዚህ በር ሲገባ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ድሮ ኪከር ሁሉ ፊት ለፊት መጥቶ በጫማው ጫፍ ነበር የሚመታው። እንደ እግር ኳስ ተጫዋች በጎን መጥቶ መምታትን ፕሮ ፉትቦል ውስጥ ያስገባው ፒት ጎጎላክ ነው፤ ከሀንጋሪ የመጣ ልጅ። ኮርኔል ተጫውቶ በ1964 ቡፋሎ ቢልስ ገባ። ዛሬ ሁሉም የሚመታው እንደሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ኪከር ብቻውን የሚሠራ ይመስለዋል። ሥራው የሦስት ሰው ነው። ስናፐሩ ጎንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ይልካል፤ 7 ያርድ (6.4 ሜትር) ያህል። ሆልደሩ ተንበርክኮ ይቀበልና መሬት ላይ ያቆመዋል፤ የኳሱን ክር ወደ ጎሉ አቅጣጫ ያዞረዋል። ከዚያ እኔ እመታለሁ። ይሄ ሁሉ ተጀምሮ እስኪያልቅ 1.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ትንሽ ከዘገየ ከፊት የሚዘልለው ሰውዬ እጅ ኳሱ ላይ ነው። ስናፐሩ ጎበዝ ከሆነ ስሙን የሚያውቅ ተመልካች የለም።

የእኛ ስናፐር ጎበዝ ነበር። አራተኛው ጨዋታ ላይ አውራ ጣቱ ተሰበረ። ምትክ የለም። ልድገመው፤ መቶ ልጅ ተመልምሎ ሁለተኛ ስናፐር አልተመለመለም! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የስፔሻል ቲም፣ ማለትም የምት ቡድኑን፣ ኮች አልወቅስም። ሰውየው ኳስ ይዘው የሚሮጡት ተጫዋቾችም ኮች ነበር፤ ተጫዋች የሚመለምለውም እሱ፤ ማታ ማሊያ የሚያጥበውም እሱ። የምወቅሰው ዋናውን ነው። ሰኞ ቢሮው ሄጄ "ኮች፣ ስናፐር ያስፈልገናል" አልኩት። ቀና ሳይል "መጀመሪያ ታችዳውን እናግባ፤ ስለ ኪክ ከዚያ እናወራለን" አለኝ። ታችዳውን ማለት ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የጎል መስመር ማለፍ ነው። ከዚያ ተጠባባቂውን ሴንተር መደበው። ሴንተርም እኮ ኳስ ወደ ኋላ ነው የሚሰጠው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ከኋላው ሆኖ ኳሱን ለሚያከፋፍለው ኳርተርባክ። ሎንግ ስናፕ ሌላ ሙያ ነው፤ በሁለት እጅ፣ በእግር መሃል እያዩ፣ ኳሱ እየተሽከረከረ ሆልደሩ እጅ ላይ ማረፍ አለበት። ልጁ ፍሬሽማን ነው፤ እምቢ የት ይላል። ልምምድ ሲያልቅ መብራት በማይደርስበት የሜዳው ጥግ አሥር ደቂቃ ሰጡን። አንዱ ኳስ በራሴ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ አንዱ ይንከባለላል። ዞር ብሎ ያየን ኮች የለም።

ከዚያ ሆምካሚንግ መጣ። የድሮ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ ተገኝተዋል። አባዬም ሌሊቱን ነድቶ መጥቶ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። 20 ለ14 ሲመሩን ቆይተው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ታችዳውን አገባን። 20 እኩል። የቀረችው ከታችዳውን በኋላ የምትሰጠው የእኔ ምት ናት፤ አንድ ነጥብ፤ በጣም ቀላሏ።

ስናፑ ዝቅ ብሎ መጣ። መሬት ነጥሮ የሆልደሩን ጉልበት መታ። እኔ መምጣት ጀምሬ ቆምኩ። ሆልደሩ ኳሱን አፈፍ አድርጎ "ፋየር! ፋየር!" እያለ ተነሳ። ነገሩ ተበላሽቷል፣ ውጡና ተቀበሉኝ ማለት ነው። ወረወረው። የተቀበለው የእነሱ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። ኮሌጅ ውስጥ ከታችዳውን በኋላ ያለችው ሙከራ ላይ ተከላካዩ ቡድን ኳሱን ቀምቶ ሜዳውን ሙሉ ከሮጠ 2 ነጥብ ያገኛል። ሰውየው ሮጠ። በእሱና በጎሉ መሃል የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሲያልፈኝ ዞሬ ተከተልኩት፤ አልደረስኩበትም። 22 ለ20። ትንሿን ኪክ፣ መልሰን ራሳችን ልንይዛት አጭር አድርገን የምንመታትን፣ ሞከርን፤ እነሱ ያዙት፤ አለቀ።

ወደ ቤንች ስመለስ አንዱ "አንተ ኢትዮጵያዊ አይደለህ እንዴ? እንዴት አልደረስክበትም?" አለኝ። ወንድሜ፣ ኃይሌም ቢሆን 10 ሺህ ሜትር ስጡኝ ነበር የሚለው።

ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማታ ከኮሌጁ የወጣው የጨዋታ ዘገባ "የማሸነፊያዋ ምት ከሸፈች" አለ። ምት የለም እኮ! እግሬ ኳሱን አልነካውም። አስተካክሉልኝ ብዬ ብጠይቅ "ስታቲስቲክሱ አንዴ ገብቷል" ተባልኩ። ሰኞ ፊልም ስናይ ዋናው ኮች ስናፑን አንዴ አሳይቶ አለፈው። እኔ ሳባርር ያለውን ቦታ ግን አቁሞ፣ መልሶ፣ አቁሞ፣ "እዚህ ላይ ፍላጎት አይታየኝም" አለ። ሰማንያ ምናምን ያርድ ከኮርነርባክ፣ ከፈጣኑ ተከላካይ፣ ጋር የሚሮጥ ፍላጎት! ስናፐሩ ልጅ አጠገቤ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። እሱም ጥፋት የለበትም።

መፍትሔው ደግሞ የባሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ባገባን ቁጥር ምት ቀርቶ ኳሱን ይዘን ገብተን ሁለት ነጥብ እንሞክር ተባለ። ሁለት ነጥብ የሚሳካው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ኮች ነው ያለው። አንድ ስናፐር ከመፈለግ ይሄ ቀለለው። እኔ ጠርዝ ላይ ቆሜ መረብ ውስጥ እመታለሁ፤ ማንም አይጠራኝም።

አባዬ ያን ቀን ከጨዋታው በኋላ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ ቆይቶ "ኳሷ አንተ ጋ መች ደረሰችና ነው?" አለኝ። "በእኛ ጊዜ አቀባዩ ካቃተው አቀባዩ ይቀየራል፤ አጥቂ አይሰደብም።" ፉትቦል አያውቅም፤ ከኮቼ የተሻለ ገብቶታል።

አዲሱን ስናፐር ያገኘሁት ካፌቴሪያ ነው። በየጠረጴዛው እየዞርኩ "ሃይስኩል ስናፕ ያደረገ አለ?" ስል ታይት ኤንድ የሚባለውን ቦታ የሚጫወት አንድ ሦስተኛ ተጠባባቂ እጁን አወጣ። ሁለት ዓመት ስናፐር ነበር! ለምን አልተናገርክም ስለው "ማንም አልጠየቀኝም፤ ፎርሙ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያስሞላው" አለ። ማታ ማታ ጂም ውስጥ ወለሉ ላይ 7 ያርድ በፕላስተር ለክተን እንሠራ ጀመር። ስፔሻል ቲም ኮቹ አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያ ሲሄድ አየን። ምንም አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የኳሱ ከረጢት ሳይቆለፍ ያድር ነበር።

መጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ላይ ዋናው ኮች ፈቀደ። የመጨረሻውን 41 ለ3 ተሸነፍን። ያቺ 3 የእኔ ናት፤ 38 ያርድ፤ በንፋስ። ስናፑ ደረት ላይ መጣ፣ ክሩ ወደፊት፣ መሃል ለመሃል ገባ። 41 ለ3 ላይ ሰው አይጨፍርም፤ እኔና ታይት ኤንዱ ግን ተቃቅፈን ጨፍረናል። ኮቹ ገልምጦን አለፈ። ይገላምጥ።

ሽንፈቱ ሲከብደኝ የምጽናናው በታሪክ ነበር። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ያለው ማካሌስተር ኮሌጅ፣ ኮፊ አናን የተማሩበት፣ ከ1974 እስከ 1980 ሃምሳ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ሲያሸንፍ ደግሞ 17 ለ14፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በገባች ፊልድ ጎል! በዚያ ሁሉ ሽንፈት መሃል ስናፐር ነበራቸው ማለት ነው። ቴክሳስ ያለው ፕሬሪ ቪው ከ1989 እስከ 1998 ሰማንያ ተሸንፏል። በ2017 ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ቶማስ ሴንት ኦላፍን 97 ለ0 አሸንፎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎቹ ኮሌጆች በዛብን ብለው ከሊጉ እንዲወጣ አድርገውታል። ከእነዚህ አንጻር እኛ ደህና ነበርን።

እና ኮሌጅ ስትመርጡ ምን ታያላችሁ? መልማዮች ካምፓሱን እዩ፣ ከኮቾቹ ጋር ተግባቡ ይላሉ። እኔ ደግሞ በጋበዟችሁ ቀን አትሂዱ እላለሁ። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሳይጠሯችሁ ሄዳችሁ ቲኬት ቁረጡ። ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡና ኪከሮቹ ያሉበትን ጥግ እዩ። ስናፐሩ ስንተኛ ዓመት ነው? ሁለተኛ አለ? አጠገባቸው የቆመ ኮች አለ ወይስ ብቻቸውን ናቸው? ኮቹን "ስናፐሩ ማነው?" በሉት። ስሙን ለማስታወስ ካሰበ፣ አመስግናችሁ ወደ ሚቀጥለው ኮሌጅ። ብዙ ብር የሚጠይቁ፣ ኮከብ እየሰጡ ደረጃ የሚያወጡ የኪክ ካምፖችንም እኔ አልመክርም። በዚያ ብር ኳስና መረብ ገዝታችሁ ስናፕ የሚያደርግ ጓደኛ ፈልጉ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይሄ ለወላጆች ነው። ኢንሹራንስ። ኮሌጁ "ተጫዋቾቻችን ኢንሹራንስ አላቸው" ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሴከንደሪ ማለቱ ነው፤ መጀመሪያ የእናንተ ይከፍላል፣ የተረፈውን የእነሱ ያያል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የኤንሲዳብልኤ የከባድ ጉዳት ኢንሹራንስ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ወጪው ከ90 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ነው። ቤተሰቡ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ላይ ከሆነና ልጁ ሌላ ስቴት ከሄደ፣ ሜዲኬይዱ እዚያ ባብዛኛው የሚሸፍነው ድንገተኛ ሕክምና ብቻ ነው። እኛ ቡድን ውስጥ ጉልበቱን የተጎዳ ልጅ ኤምአርአይ ለመነሳት እናቱ ያሉበት ስቴት ድረስ በመኪና ተመላልሷል። የተማሪ ኢንሹራንስ መመዝገቢያው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል፤ ካምፕ ሳይገባ ደውላችሁ ጨርሱት። ስልክ የሚያነሳው ሰው "አትጨነቁ" ካላችሁ፣ በኢሜይል ይጻፍልኝ በሉት።