ለልጄ መኪና ስገዛ መጀመሪያ ያየሁት መሪውን ነው

ልጄ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ያለን ገንዘብ የሚበቃው ለአሮጌ መኪና ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በዚህ አቅም ሲፈለግ ቶሎ የሚመጣው ቶዮታ ቪትዝ ነው። መለዋወጫው አይጠፋም፣ ቤንዚን አይበላም፣ ሲሸጥም ገዢ አያጣም።

ደላሎቹ የሚያወሩን ስለ ሞተር ነበር። "ሞተሩ አልተነካም፣ እናቴ።" ሞተር ግን ይጠገናል። እኔን ያስጨነቀኝ እጇ ገና ያልተፍታታ ልጅ ብትጋጭስ የሚለው ነው።

ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ስለሆነ መሪው በቀኝ ነበር። እዚህ የምናያቸው ብዙዎቹ ኋላ ወደ ግራ የዞሩ ናቸው። መሪ ሲዞር ክሩስኮቶው፣ ማለትም ከሹፌሩ ፊት ያለው ሰሌዳ፣ ይፈታል። ታዲያ ኤርባጉ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ በትክክል ተመልሶ መገጠሙን ማን ያረጋግጥልኛል? ስለዚህ ከፋብሪካ በግራ መሪ የወጣ ያሪስ መፈለግ ጀመርኩ። ዘሩ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ጭማሪውን ሳልሳሳ ከፈልኩ። በፈረንጆቹ 2005 የወጣው የያሪስ ሁለተኛው ሞዴል በአውሮፓ የግጭት ፈተና 5 ኮከብ አግኝቷል። ኮከቡ የሚሠራው ግን ኤርባጉ ሙሉ ለሆነ መኪና ነው።

ይህንን ማንም ማየት ይችላል። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩ። የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ይብሳል፤ ችግሩ እንዳይታይ አምፖሉን ነቅለውት ሊሆን ይችላል። ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የኤቢኤስ መብራትም እንደዚሁ ነው። አንዱን መኪና በዚህ ምክንያት ትተነው ሄድን፤ ቀለሙ እንዴት ያምር ነበር!

የገዛነውን ያሪስ ሌላ ሌላ ነገር ያየልን ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው። ከሥር ገብቶ ተጋጭቶ የተበየደ ቦታ እንዳለ አየ። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል እሱን ትቶ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ምን ያህል እንደተበላ አየ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም አጣራን።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነበር። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ግን 1214 ይላሉ፤ በፈረንጆቹ 2014 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህን አሳይተን ዋጋ አስቀነስን። ልጄ መንዳት የጀመረችው አራቱንም ጎማና የፊቱን የፍሬን ሸራ ቀይረን ነው።