ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ስፒከር ፍለጋ

ዛሬ መርካቶ ስፒከር ሳማርጥ ዋልኩ። ቤቴ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሶፋውና ቲቪው ቢራራቁ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ሻጩ ግን "ወንድሜ ይሄን ውሰድ ሰፈሩን ያናውጥልሃል" እያለ ደረቴ ጋ የሚደርስ ስፒከር ያሳየኛል፣ ሰፈሩ ምን አደረገኝ 😂 ካርቶኑ ላይ ደግሞ 10,000 ዋት ፒኤምፒኦ ይላል። ወገን ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ለካርቶን ማሳመሪያ ነው፣ መጠየቅ ያለበት አርኤምኤሱ፣ ማለትም ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚችለው ጉልበት ነው፣ ለኔ አይነት ክፍል ባንዱ ስፒከር 20 30 ዋት አርኤምኤስ ከበቂም በላይ ነው፣ ከዛ ያለፈውን የሚሰሙት ታች ያሉት እትዬ ናቸው።

ሳውንድባርም (ቲቪ ስር የሚቀመጠውን ረጅም ቀጭን ስፒከር) አየሁ፣ ለፊልም አሪፍ ነው ቦታም አይፈጅም፣ ግን ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ሁለት ትናንሽ ቡክሼልፍ (መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ስፒከሮች) ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግራና ቀኙ ራቅ ራቅ ሲል ክራሩ የት እንዳለ ዘፋኙ የት እንደቆመ ይለያል። አምፑ (ድምፁን የሚያጎለብተው ክፍል) ውስጡ ያለውን አክቲቩን ከወሰዳችሁ ደግሞ ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት ቀረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እዩ፣ የአየር ቀዳዳው በጀርባው ከሆነ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቤዙ ያብጣል፣ ኮርነር ላይ ሲሆን ይብሳል። ቦታ ስለሌለኝ ቀዳዳው ከፊት የሆነውን ነው የመረጥኩት፣ የራሴን ዘፈን በፍላሽ ይዤ ሄጄ ድምፁን ቀነስ አርጌ ሰማሁት፣ ቤት የምሰማው በዛ ልክ ነዋ።

ዋጋው ላይ ገና አልተስማማንም፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ የስፒከሩ ክፍል) ቁጭ ስል ጆሮዬ ጋ እንዲደርስ የብረት ስታንድ የሚሰራ ጎበዝ ብየዳ ቤት የምታውቁ በውስጥ መስመር 🙏