ያዝ፣ ለቀቅ፦ ዓባይ በረሃን በሳይክል

ዓባይ በረሃን ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩት ቆጥሬ አላውቅም። አባቴ የሉማሜ ሰው ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ባድግም፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አውቶቡስ ላይ ተጭኜ ጎጃም እላክ ነበር። ስለ በረሃው የማስታውሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፌስታል። ጎሐ ጽዮን ላይ ረዳቱ ፌስታል ያድላል። ከዚያ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ግንባሬን ከፊት ያለው ወንበር ላይ እደፋለሁ፣ ደጀን እስክንደርስ ከማንም ጋር አላወራም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ምን አለ ብትሉኝ መልስ አልነበረኝም።

በጥር 2012 አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ "አምስት ቀን፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ባሕር ዳር፣ በሳይክል። መሪ አለ፣ ሻንጣ የሚይዝ ሚኒባስ አለ" አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥዬ "ስንት ነው?" አልኩ። ሰው የሚያልቅለት እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሆነን ጎሐ ጽዮን ተገኘን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ይበርዳል። ሰው ሁሉ ጋቢ ውስጥ ገብቷል። እኛ ደግሞ በተጣበቀ ቁምጣና በሄልሜት ተገትረናል። አንድ ጋሪ ነጂ አየን፣ ፈረሱን አቆመ፣ ደግሞ አየን፣ ምንም ሳይል ሄደ። የእኔ ሳይክል የኪራይ ነው። ሦስተኛው ማርሽ አልገባም ይላል፤ ከገባ ደግሞ አልወጣም ይላል።

መሪያችን የባሕር ዳር ልጅ ነው። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ። ያስጠነቀቀንም በአጭሩ ነው። "የመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። ቀጣዩ 20 ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። የምትፈሩት ዳገቱን ነው አይደል? ቁልቁለቱን ፍሩ።" ከዚያ ሁለት ጣቱን ፍሬኑ ላይ አድርጎ አሳየን። "ጨብጦ መውረድ የለም። ያዝ፣ ለቀቅ። ያዝ፣ ለቀቅ።" ፍሬን ሳይለቀቅ ረጅም ቁልቁለት ከተወረደ ቸርኬው ይግላል። ቸርኬው ሲግል ካላማዳሪያው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል። ከዚያ ይፈነዳል። ከላይ እስከ ወንዙ ድረስ ደግሞ የሚወረደው ወደ 1,400 ሜትር ነው።

ወረድን። ያዝ፣ ለቀቅ። በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እጄ መዛል ጀመረ። እግር ሥራ ፈትቶ እጅ ሲደክም ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አስፋልቱ ለጥ ያለ አይደለም። ተራራው ከሥሩ ይንሸራተታል፤ መንገዱም አብሮት ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ እንደ ነጠላ ይታጠፋል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነበር፤ መሬቱ ግን እርዳታ አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ሆዴን ሲያገላብጠው የኖረው ይኼ ነው ለካ። ሳይክል ላይ ሲሆን እያንዳንዱ እብጠት ቀድሞ ይታያል። ከፊት እነ ሲኖትራክ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ ከኋላ ቦቴዎች ሞተር እያጓሩ ይወርዳሉ። መሪያችን ከሁሉም ኋላ ሆኖ "ቀኝ! ቀኝህን ያዝ!" ይጮኻል።

ፍልቅልቅ የምትባለው መንደር ስንደርስ ጃኬት ወለቀ። ሳይክላችንን አጋድመን ቆምን። መሪያችን ከውኃ መያዣው ጥቂት ጠብታ የኋላ ቸርኬዬ ላይ አንጠባጠበ። ጭስስ አለና ጠፋ። ምጣድ ላይ የወደቀ ውኃ ነው የሚመስለው። ምንም አላለኝም፤ አየኝ ብቻ። ከዚያ በኋላ ፍሬን ጨብጬ አልወረድኩም።

ቀጥሎ ያለው አየር ሌላ አገር ነው። ጠዋት ጥርስ ሲያንገጫግጭ የነበረ ሰው አሁን አንገቱን በውኃ ያርሳል። ጤፍና ስንዴ ላይ ቀሩ፤ ታች ማሽላ ነው፣ ግራር ነው፣ ቅጠሉን ያራገፈ ቁጥቋጦ ነው። ዝንጀሮዎች አጥሩ ላይ ተደርድረው ከመኪና የሚወረወር ይጠብቃሉ። እኛን ሲያዩ ተስፋ ቆረጡ መሰለኝ፣ አንዱ እንኳ አልተነሳም።

ወንዙ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የኋላ ጎማዬ ፍስስ አለ። ቸርኬው ግሎ አይደለም፤ የግራር እሾህ ነው። ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ አምስት ልጆች ከበቡን። መሪያችን ጎማውን በሁለት ማንኪያ ፈልቅቆ ካላማዳሪያውን አወጣ፣ ነፋውና ጉንጩ ላይ አስጠግቶ በዝግታ አዞረው። ትንፋሹ ጉንጩን ሲነካው ቆመ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ማስቲሽ ቀባ። ልጥፉን ግን ወዲያው አላደረገም። ማስቲሹ እስኪደርቅ ድረስ እየነፋ ጠበቀ። "ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል" አለኝ። ከልጆቹ አንዱ "ፈረንጅ ነው?" ብሎ ሌላውን ጠየቀው። እኔን ነው። "አይደለሁም፣ አባቴ የሉማሜ ሰው ነው" አልኩት። አላመነኝም። በሄልሜት የመጣ ሰው ሁሉ ፈረንጅ ነው።

ድልድዩ ላይ ጥበቃዎቹ ስልካችንን ኪሳችን እንድንከት ነገሩን፤ ፎቶ የለም። ስለዚህ ያየሁትን በቃል ልናገር። አዲሱ የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው። የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው፤ የጃፓን እርዳታ ነው። በገመዶቹ የተወጠረ ነጭ ነገር ነው። አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ጡረታ እንደወጣ ሰው። ከታች ዓባይ አለ። በክረምት የደጋውን አፈር ጠርጎ ሲወርድ ቀይ ነው ይላሉ፤ በጥር ግን አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ሆኖ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። መሐል ላይ እግሬን መሬት አድርጌ ቆምኩ። ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ አየሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ወንዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። "እለፍ ወንድሜ፣ መቆም አይቻልም" አለኝ ጥበቃው።

ከድልድዩ ወዲያ ጎጃም ነው፣ ዳገት ነው።

ሁለት ሊትር ውኃ ይዤ ነበር የተነሳሁት። ኩራር ስንደርስ ጠብታ አልቀረኝም፤ ሚኒባሱ ደግሞ ጓደኛዬን ሊያነሳ ወደ ኋላ ተመልሷል። (የትኛው ጓደኛ? "በሳይክል እንሂድ" ያለኝ።) መንገድ ዳር ጥላ ሥር ሎሚና የታሸገ ውኃ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት አሉ። ሳይክሉን ሳልጥል አጠገባቸው ዘፍ አልኩ። "እማማ፣ ውኃ ይስጡኝ፣ ሁለት።" አዩኝ። ታች ያለውን ወንዝ በአገጫቸው አሳዩኝና "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር" አሉ። ቀጥለውም "ምነው ሳ ልጄ፣ መኪናው ሞልቶ ነው?" አንዱን ሎሚ በነፃ ጨመሩልኝ። ከነልጣጩ በላሁት።

ዳገቱ ላይ በሰዓት አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ነው የሄድኩት፤ ከሰው እርምጃ እምብዛም አይበልጥም። ከጎኔ ከባድ ጭነት የጫነ አንድ አሮጌ መኪና እየተንፏቀቀ ይወጣል። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማው ጎን በእግሩ ይሄዳል፣ ታኮ በእጁ ይዞ። መኪናው ከቆመ ወዲያው ይወሽቃል። ሁለታችንም አንድ ፍጥነት ላይ ስለሆንን ጨዋታ ጀመርን። ሃያ ዓመት አይሞላውም፣ እግሩ ላይ የፕላስቲክ ጫማ ነው። በሳምንት ሁለቴ ይህን ዳገት በእግሩ እንደሚወጣው ነገረኝ።

"አንተስ ስንት ይከፍሉሃል?" አለኝ።

"እኔ ነኝ የምከፍል" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ማርሼ አልገባ ብሎ ወዲያ ወዲህ ስንገዳገድ ሲያይ ታኮውን ከፍ አድርጎ "ወንድም፣ ላስደግፍህ?" አለ። ሹፌሩ ሳይቀር በመስኮት ሳቀ። ከእነሱ ጋር አንድ ሰዓት ያህል አብረን ወጣን፤ የመኪናውን ጀርባ ይዞ መጎተት ግን መሪያችን በጥብቅ ከልክሏል። ልክ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ታኮው የሚያድነው መኪናውን ነው።

ፌስታሌን ይዤ ዓይኔን የጨፈንኩበት ሁሉ እዚህ ላይ ተከፈለኝ። ገደሉ ፎቅ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ታች ወንዙ ጋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከፍ ሲሉ ጀሶ አለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ቀጥሎ ቢጫማ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ እንደ አነባበሮ የተደራረበ። መሪያችን አንድ ቦታ አስቆመንና ከመንገድ ዳር የተናደ ቁራጭ አንስቶ አስያዘኝ። ላዩ ላይ የጥፍር ያህል ዛጎል ተጣብቋል። መስመሮቹ ይቆጠራሉ። በጣቴ ስዳብሰው ሻካራ ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን ለስላሳ። ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ባሕር ነበር። ደጀን አካባቢ ለሲሚንቶ የሚፈጨውም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። ከሁሉም በላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት ተደፍቶበታል፤ እሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ገበሬው ጤፉን የሚያበቅለው በዚህ ጥቁር አለት አፈር ላይ ነው። ዛጎሉን ኪሴ ልከት ስል መሪያችን እጁን ዘረጋ፤ ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ደጀን የገባነው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዳገቱ አናት ላይ ብርዱ ጃኬት መልሶ አስለበሰኝ። ጥብስ በላን። ሁለተኛ ጥብስ በላን። እጄ ስለደነዘዘ እንጀራውን በትክክል መቁረስ አቃተኝ።

እሑድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ። የጤፍ አገር ነው፣ ሜዳ ነው፤ የትኖራም፣ ወጀልም አለፉ። ሉማሜ ላይ አክስቴ ጠበቀችኝ። ከሩቅ ስታየኝ አላወቀችኝም። ሄልሜቱን ሳወልቅ ጮኸች። "አንተ ልጅ! ሥራ አስለቀቁህ እንዴ?" አይ እትዬ፣ ለመዝናናት ነው። "ለመዝናናት? ከአዲስ አበባ በዚህ?" ከጎሐ ጽዮን ነው አልኳት፣ ምንም አልጠቀመኝም። ቁምጣዬ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ በጣቷ ነካ አደረገችና ለጎረቤቶቿ "እንደ ሕፃን ጠቅልለው ነው የላኩት" አለች። ሰባታችንንም አስገብታ ጠላ ቀዳች። መሪያችን "አንድ ብርጭቆ ብቻ" አለ። የጎጃም ሴት ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ የሚባል ነገር የለም። አምበር ድረስ በዜማ ነው የሄድነው። በስተቀኝ የጮቄ ተራራ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው፣ ደመና ተከናንቦ አብሮን ተጓዘ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አላረዝምም። ደብረ ማርቆስ፣ የጥንቷ ምንቆረር፣ ሙቅ ውኃ አገኘን፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆመን አየን፣ እግራችን ከዚያ በላይ አልፈቀደም። ሰኞ ደንበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም አደርን። ማክሰኞ ከቡሬ በኋላ እስከ እንጅባራ ዳገቱ ተመለሰ፤ ዘንገና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ቆሎ በላን። የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ለሚያከብሩት በዓል ይለማመዱ ነበርና አንድ ጎልማሳ ያሸበረቀ ፈረሱን ከጎኔ አስሮጠ። ውድድር ነው ብዬ ፔዳሌን መታሁ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ጅራቱን ብቻ አየሁ። ሰውዬው ተመልሶ መጣና "የእናንተ ሣር አይበላም፣ ይኼ ነው ጥሩነቱ" ብሎ አጽናናኝ።

ረቡዕ ዳንግላ ላይ የጾም ሽሮ በልተን፣ በአብዛኛው ቁልቁል ወደ ባሕር ዳር። አምስት ቀን ሙሉ ልጆች "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ ሲሮጡልን ስለቆየን ከተማዋ በሆታ የምትቀበለን መስሎኝ ነበር። ባሕር ዳር ግን ሳይክል የበዛበት ከተማ ነው። ማንም ዞሮ አላየንም። ዘንባባዎቹ ሥር ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ጀርባዬን ቀና አድርጌ ስነዳ፣ አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ፊኒክስ፣ ኮርቻው ኋላ ሁለት ዶሮ አስረው፣ ደወላቸውን ቂል ቂል አድርገው በግራዬ አለፉኝ።

"ቀኝህን ያዝ፣ ልጄ" አሉኝ።