የእድሩ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር

ትናንት ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄዶ ዋለ። የመጣው ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የእድሩን የወር መዋጮ ልመዘግብ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ከሰዓቱ አጠገብ ጋሻ የምትመስል ትንሽ ምልክት አየሁ። አላውቃትም።

ታናሽ ወንድሜን ጠየቅኩት።

«የጌሙ አንቲ ቺት ነው። እሱ ከሌለ ጌሙ አይከፈትም» አለኝ። አንቲ ቺት ማለት በጌም የሚያጭበረብሩትን፣ ቺተር የሚባሉትን፣ የሚይዝ ፕሮግራም ነው።

የጫነው ቅዳሜ ነው። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቀው እሺ ብሎ አለፈው። በቃ።

እሱን አልፈርድበትም። አንድ ማታ ማዳመጫውን አውልቆ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ግድግዳ አሳልፎ የሚያይ፣ ጥይቱ የማይስት ቺተር ገብቶ፣ ስንት ሳምንት የለፋበትን ደረጃ አሳጣው። ልጅ ለፍቶ ሲቀማ ያማል። ቺተር ይያዝልኝ ቢል እውነቱን ነው።

ግን እንዴት ነው የሚይዘው? ቺት የሚሠሩት ሰዎች የዊንዶውስ እምብርት ድረስ፣ ከርነል የሚባለው ጋ ወረዱ። ጠባቂዎቹም ተከትለው ወረዱ። ቫሎራንት ከሚባለው ጌም ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. የመጣው ቫንጋርድ የሚባል አንቲ ቺት ለምሳሌ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ጌሙ ተከፈተም አልተከፈተም። እዚያ ቦታ ላይ ያለ ፕሮግራም የማይደርስበት ፋይል የለም። ለእኔ ሌላ የዊንዶውስ አካውንት ብከፍትም ለውጥ የለውም።

ፋይላችንን እያነበበ ነው አላልኩም። ማንበብ ይችላል ነው የምለው። ደግሞ አደጋው ከሠሪው ብቻ አይመጣም። በ2013 እ.ኤ.አ. ኢኤስኢኤ በሚባለው የጌም ሊግ፣ አንድ ሠራተኛ የአንቲ ቺቱ ፕሮግራም ውስጥ ኮድ ደብቆ በተጫዋቾች ኮምፒውተር ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለራሱ ሲያመርትበት ነበር። በ2022 ደግሞ ሰርጎ ገቦች ገንሺን ኢምፓክት የሚባለውን ጌም አንቲ ቺት ድራይቨር፣ ማለት ከርነል ውስጥ የሚሠራውን ክፍል፣ ወስደው አንቲቫይረስ ማጥፊያ አደረጉት፣ ጌሙ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ሊጠይቁበት ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የማን ፈቃድ ነው የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ የቤቱ ነው። እናቴ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናት። የአባላቱ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ከታች ያሉት እማማ መታወቂያቸውን ፎቶ ሳነሳ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የቆሙት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቅዳሜ ዕለት ለእሳቸውም እሺ አለላቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ ስለ ፈቃድም ይናገራል። የእኛ ሳሎን ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ከርነል ምን ብዬ ላስረዳት? «ለጌሙ ብሎ ያስገባው ነገር ሁሉንም ፋይል መክፈት ይችላል» አልኳት። የምታጥበውን ስኒ አስቀመጠች።

«የሰው መታወቂያ እኮ ነው። አምነውኝ ነው የሰጡኝ» አለች።

ወንድሜ ጌሙን ላጥፋው አለ። ፊቱን አይቼ ተው አልኩት። መዝገቡን ወደ ፍላሽ ገልብጬ ከትልቁ ኮምፒውተር አጠፋሁት። ከእንግዲህ የምሠራው ባትሪው በሞተው አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ መብራት ሲኖር። እማዬ ፍላሹን ከእድሩ ማህተም ጋር በመሐረብ ቋጠረችና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት።