ጅራቱ የተቀደደ ጎልድፊሽ በድሬዳዋ ሙቀት፦ ክንፉ እስኪመለስ የማደርገው

ጅራቱ የተቀደደ ወይም የተበላ ጎልድፊሽ የጅራት ክንፉን መልሶ ያበቅላል። ሳላማንደር የተባለው እንሽላሊት መሰል እንስሳ የተቆረጠ እግሩን የሚተካበት ችሎታ በዓሣ ክንፍም ላይ አለ፤ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ብሩሶኔ ይህን በጽሑፍ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። ነገር ግን ክንፉ ከሰውነቱ የሚወጣበት ሥጋማ ሥር መትረፍ አለበት፤ ሥሩ ራሱ ከተበላ የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሥሩን አያለሁ።

ቀጥሎ ጠርዙን። በሌላ ዓሣ የተነከሰ ወይም የፊልተር አፍ የሳበው ክንፍ በአጥንታም ዘንጎቹ መካከል ተሰንጥቆ ይታያል፤ ጠርዙ ግን ንጹሕ ነው። ጠርዙ ወተት መስሎ ከተበጣጠሰና በየቀኑ እያጠረ ከሄደ ባክቴሪያ እየበላው ነው፤ መነሻው ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ ውሃ ነው። የተበጣጠሰውን በመቀስ አላስተካክልም። የሞተው ክፍል ራሱ ይረግፋል፤ መቀሱ ግን አዲስ ቁስል ይከፍታል።

በድሬዳዋ ሥራውን የሚያከብዱት ሙቀቱና የውሃው ጠባይ ናቸው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ 30 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 6.5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ በዚያው ልክ የዓሣውን የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል። ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረው የጉድጓድ ውሃችን ደግሞ ኖራማ ነው። ካልሲየሙ ለክንፉ አጥንታም ዘንጎች ይጠቅማል፤ ችግሩ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ነው። ኖራማ ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ይላል፤ ፒኤች 8 በሆነ ውሃ ውስጥ መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ በ20 ዲግሪ 4 በመቶ ሳይሞላ፣ በ30 ዲግሪ 7.5 በመቶ ይደርሳል። ቀዝቃዛ አገር ዓሣ የሚችለው ቆሻሻ እዚህ ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ያቃጥለዋል።

የታመመውን ለብቻው አወጣዋለሁ። መረብ የተቀደደ ክንፍ ላይ ስለሚጠመጠም፣ ከነውሃው በጎድጓዳ ሳህን ነው የማነሳው። ማረፊያው ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ኦሞ ነክቶት የማያውቅ ነጭ ሳፋ ነው፤ ነጩ ቀለም ቁስሉንና ኩሱን ያሳያል። ጠጠር አላስገባም። የአየር ፓምፕ ከስፖንጅ ፊልተር ጋር እገጥማለሁ፤ ስፖንጁን የማመጣው ከቆየው አኳሪየም ነው፣ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ናቸውና። በቆየ ስፖንጅ ሩብ ውሃ በሁለት ቀን አንዴ መቀየር ይበቃል። ስፖንጁ አዲስ ከሆነ በየቀኑ ግማሹን እቀይራለሁ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ በሰፋ ዕቃ 24 ሰዓት ይቆያል። ለመጠጥ ተብሎ ውሃ አጋር ወይም በረኪና የተጨመረበትን አልነካም። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ እኩለ ቀን ላይ ስለሚፈላ፣ ውሃ የምቀዳው ጎሕ ሲቀድ ነው። የሚቆየውን ውሃም ሆነ ሳፋውን በወንፊት ጨርቅ አጥብቄ እሸፍናለሁ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ በቤት በተጠራቀመ ውሃ ነው። ጎልድፊሽ የትንኝ እጭ ይወዳል፤ ለምግብ ብሎ በግቢ ማርባት ግን ጎረቤትን መበደል ነው።

ከዚያ ጨው። በቁስሉ በኩል ጨው አልባ ውሃ ወደ ሰውነቱ ይገባል፣ ዓሣውም ያንን ለማስወጣት ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ጥቂት ጨው ይህን ጫና ያቃልላል። ለ20 ሊትር 20 ግራም ለብቻው በጥብጬ እጨምራለሁ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 20፣ ከሌላ 12 ሰዓት በኋላ 20፤ ድምሩ በሊትር 3 ግራም ነው። የታሸገ አዮዲን ያለው ጨው በዚህ መጠን አይጎዳም። አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ነው፤ ከከፊራ ገበያ የተገዛ ሻካራ ጨው ግን በማንኪያ ስለማይታመን ይመዘን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። ተኖ የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ ብቻ እሞላለሁ። 10 ሊትር ደፍቼ ስቀይር ግን 30 ግራም እመልሳለሁ።

ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ለመያዝ እጥራለሁ። ከዚህ ቢቀዘቅዝ ክንፉ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቢሞቅ ባክቴሪያውም አብሮ ይፈጥናል። ሳፋውን በረጠበ የቃጫ ጆንያ ጠቅልዬ ቬንቲሌተር አዞርበታለሁ፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይህ ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል፣ በዝናብ ወቅት ግን ብዙም አይሠራም። ያኔ በረዶ የሆነ ሃይላንድ አንሳፍፋለሁ። የግማሽ ሊትር በረዶ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ 20 ሊትሩን ወደ 2.5 ዲግሪ ያቀዘቅዛል፤ በሰዓት ከ2 ዲግሪ በላይ መውረድ ዓሣውን ስለሚያስደነግጠው ቀድሜ አወጣዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። ዓሣው ገጹ ላይ ወጥቶ አየር መጎረስ ከጀመረ ዘግይቻለሁ ማለት ነው።

የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ውሃ ውስጥ መበተን የተለመደ ነው። በእኛ ውሃ ግን ከንቱ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም መድኃኒቱን ስለሚይዙት ወደ ዓሣው የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀሪው በብርሃን ይበላሽና ውሃውን ያጠቁራል፣ የስፖንጁንም ባክቴሪያ ይጎዳል። ቅላት ከክንፉ አልፎ ሰውነቱ ላይ ከደረሰ ወይም ቅርፊቱ ከቆመ የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

የመጀመሪያውን ቀን አላበላውም። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ፤ በመካከል ልጣጩ የወጣ የተቀቀለ አተር። የእንቁላል አስኳል ውሃውን ወዲያው ያበላሻል።

ቁስሉ በአንድ ሁለት ቀን በቀጭን ቆዳ ይሸፈናል። በዚህ ሙቀት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ጠርዙ ላይ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይታያል። ብዙዎች ሻጋታ መስሏቸው መድኃኒት የሚያፈሱት ይህን ሲያዩ ነው። ሻጋታ ጥጥ ይመስላል፣ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይወዛወዛል፤ አዲሱ ክንፍ ግን ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው። ጠርዙ ቢጠቁርም አልደነግጥም፣ በሚድን ጎልድፊሽ ላይ የተለመደ ነው። ብዙ የተቆረጠው ክፍል ትንሽ ከተቆረጠው ፈጥኖ ያድጋል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሲቃረብ ሁሉም ይዘገያል። ቀለሙ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ሙሉ ጅራት ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይፈልጋል። ተሰብሮ ሳይወድቅ የቀረ ዘንግ ጠማማ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ለመዋኘት አያግደውም።

ሽፋኑ ከታየና ጠርዙ ማጠር ካቆመ በኋላ ጨው መተካቴን አቆማለሁ፣ በየቅያሪው እየሳሳ ይጠፋል። ወደ አኳሪየሙ ከመመለሱ በፊት የፊልተሩን አፍ በስፖንጅ እሸፍናለሁ። የነከሰው ዓሣ ካለ ደግሞ ለሌላ ዕቃ ይለያል፤ አዲሱ ክንፍ ስስ ስለሆነ በመጀመሪያው ንክሻ ይቀደዳል።